የሚካኤል ከበሮ ቆዳ

ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
መካነ ሰላም፣ ሚካኤል ሰፈር

ይድረስ ለልጄ ለጸደንያ ወልደ ገብርኤል፤ ደሴ

ዓይኔ፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው ቢመስል አትሳቂብኝ። ደብዳቤሽን የሚጽፉልሽ አባትሽ ነበሩ፤ ናቸው ማለቴ ነው። ስልኩ ከተቋረጠ ሰንብቷልና ፋሩቅ ሾፌሩ ዛሬ ወደ ደሴ ሲሄድ ይህን በእጁ እልካለሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ የከብት ሐኪም ነሽ። የታመመ በሬ ቆዳ፣ ሥጋውን ሳይቀምሱ፣ ስለነኩት ብቻ ሰው ያሳምማል ወይ?

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ከልደታ ማግስት የጎረቤታችን የአሕመድኑር በሬ፣ ያ ቦቃው፣ ደህና ውሎ ድንገት ተንቀጠቀጠና ወደቀ። ነፍሱ ሳትወጣ በቢላ ደረሱበት። መቼም ወጉን ታውቂዋለሽ፣ ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ እንዳይወድቅ እስላሙ ጎረቤት ሁሉ ቅርጫ ገባለት። እኛ ክርስቲያኖቹ ሥጋቸውን አንበላ፣ በምን እናግዘው? እንዲያውም እሱው መጣና፣ "መሪጌታ፣ ለሰኔ ሚካኤል ከበሮው ተቀዷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ቆዳውን ለታቦቱ ሰጥቻለሁ" አለ። የአባትሽን ደስታ ብታይ! መርቀው አልጠግብ አሉ። እሳቸውና ወንድምሽ ቃለ ክርስቶስ ቆዳውን ተሸክመው አመጡ፣ ፋቁት፣ ወጠሩት። አባትሽ ጠፍሩን በጥርሳቸው ነክሰው ሲጎትቱ፣ "ኧረ ጥርስዎ ይወልቃል!" ብዬ ስቄባቸው ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሥጋውን የበሉት መታመም ጀመሩ። የጤና ሠራተኛዋ ብርሀንነሽ፣ "አባ ሰንጋ ነው፤ ከከብት ወደ ሰው ይተላለፋል" ብላ በየቤቱ እየዞረች፣ የበላችሁ፣ የነካችሁ እያለች ኪኒን አደለች። ተመስገን፣ አሕመድኑርም ልጁ ኢልሀምም ዳኑ። የእኛ ደጅ ስትደርስ አባትሽ ጨርሳ እስክትናገር እንኳ አልጠበቋትም። "እኔ ቤት የእስላም ሥጋ አይገባም፤ በሰላም ሂጂ" ብለው ከአጥሩ መለሷት። ቆዳውን ማን አሰበው! ኪኒኑን የዋጠ ሁሉ በላ ተብሎ ይወራ ነበር፤ መሪጌታ ከዚያ መሐል ሊታዩ ነው?

እሳቸው ግን ለካ ጺማቸው ሥር ቁስል ነበራቸው። አያምም፤ መሐሉ ከሰል የመሰለ ነው። እኔ ሳየው አንገታቸው አብጦ ነበር። "ምች ነው፣ ዳማከሴ ጭመቂልኝ" አሉ። ጨመቅኩላቸው፤ ምን ላድርግ? ማክሰኞ ጠዋት ትንፋሽ አጠራቸው። አሁን አያማቸውም። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል፣ ብቻዬን አይደለሁም፤ ለእኔ አታስቢ።

ጉዴ ግን ገና ነበር፣ ልጄ። ረቡዕ ቃለ ክርስቶስ እንግዶቹን እጅ ሊያስታጥብ እጅጌውን ሲሰበስብ ያችኑ ቁስል ክንዱ ላይ አየኋት። ወደ ጓዳ ጎትቼ አስገብቼ፣ ብርሀንነሽ ዘንድ እንሂድ አልኩት። አሻፈረኝ! "እማዬ፣ እኔ አልበላሁም፤ የሚታመመው የበላ ነው። ዲያቆን ሆኜ፣ አባቴ ያላደረጉትን እኔ ላደርግ? የመሪጌታ ቤት በላ ላስብል?" ቆዳው ይሆናል እኮ ስለው፣ "የታቦት ዕቃ ሰው ይገድላል ትይኛለሽ?" ብሎ ጮኸብኝ። እግሩ ላይ ወደቅኩ፣ በጠባኸው ጡቴ ብዬ ለመንኩት። ድንጋይ ሆነብኝ። እኔ ደግሞ የአባትሽን አንገት ነበር የማየው።

ታዲያ ዋሸሁት። "በልተሃል" አልኩት። "ከልደታው የተረፈ ነው ብዬ ያቀረብኩላችሁ ጥብስ የአሕመድኑር በሬ ነበር። አንተም በልተሃል፣ አባትህም በልተዋል።" ፊቱ አመድ መሰለ። "አንቺስ?" አለኝ። እኔ ደህና ቆሜ ምን ልበለው? "እኔ አልቀመስኩም" አልኩት። ያን ጊዜ ያየኝን አስተያየት፣ ጸዱዬ፣ ለጠላቴም አልመኘው። ወጥቶ ብርሀንነሽ ዘንድ ሄደ። ኪኒኑን እየዋጠ ነው። ከእጄ ግን እህል አይቀበልም፤ እማዬ ማለትም ትቷል።

ወሬው አገር አዳርሷል። ካህናቱ ፊታቸውን አዙረውብኛል። እውነቱን የሚያውቀው አሕመድኑር ብቻ ነው፤ የሥጋውን መደብ ያከፋፈለው እሱ ነዋ። መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለና፣ "ወላሂ፣ አንድ ቁራጭ ከቤቴ አልወሰድሽም። ለምን በራስሽ ላይ ትመሰክሪያለሽ?" አለኝ። ልጄ ኪኒኑን እስኪጨርስ ዝም በልልኝ ብዬ ለመንኩት። እንባው እየወረደ "አብሽሪ" አለኝ።

ከበሮው ዕቃ ቤት ተሰቅሏል፤ ለሰኔ ሚካኤል መዘምራኑ ሊመቱት ነው። ቁልፉን ከአባትሽ ኪስ አውጥቼ አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ቢጠይቁኝ ጠፋ እላለሁ፤ አንዴ ውሸታም ሆኛለሁ። ጓንትሽንም የሚያስፈልግሽንም ይዘሽ ነይና ያን ቆዳ መርምሪልኝ። ቆዳው ከሆነ ለወንድምሽ አንቺው ንገሪው፤ የተማርሽ ነሽና ያምንሻል። ግን ኪኒኑን ሳይጨርስ እንዳትነግሪው፤ አልበላሁም ካለ ይተወዋል። ቆዳው ካልሆነም በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ነው በዪልኝ። እኔ ልጄን እፈልጋለሁ።

እሑድ በማለዳ አባ ገብረ ኢየሱስ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ቤትሽ ይመጣሉ። ጎረቤትሽን ሰብሌን ነገ ማታ አብራሽ እንድታድር ጥሪያት፤ ብቻሽን ሆነሽ በር እንዳትከፍቺላቸው። እናታችሁ ናት ያበላቻቸው ቢሉሽ አትከራከሪ። የሚነግሩሽን ሰምተሽ፣ ነጠላሽን ይዘሽ፣ አብረሻቸው ነይ።

ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ። የነካሽው ይዳን፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ ክፉ አይንካሽ። አባትሽ ሰላም ብለውሻል ብዬ አልጻፍኩልሽም፤ በዚህስ መዋሸት አልሆነልኝም።

እናትሽ
የዓለምዘርፍ