ዲጂኖውን ያስቆሙት መምህርት ፀሐይወርቅ ገብረየሱስ

መምህርት ፀሐይወርቅ ገብረየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረየሱስ ወልደ ጻድቅና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓለሚቱ ቅጣው በ1970 ዓ.ም. መንዝ፣ ቀየት ተወለዱ። በቀየትና በመሐል ሜዳ ተምረው ሲጨርሱ አባታቸው ነርስ እንዲሆኑላቸው ቢመኙም፣ እሳቸው ደብረ ብርሃን ወርደው አውቶ መካኒክ ተማሩ። ጥቂት ዓመት ጋራዥ ሠርተው፣ መሐል ሜዳ ተመልሰው የሙያው መምህርት ሆኑ። በ1994 ዓ.ም. የሚኒባስ ሹፌሩን አቶ ይታየው ሀዲስን አግብተው ሳሌምንና ታዲዮስን ወለዱ።

ተማሪዎቻቸውን ስለ መሪ ኤርባግ ሲያስተምሩ፣ ቀድሞ የፈነዳ አሮጌ ኤርባግ እየገለጡ ያሳዩ ነበር። ከመሪው መሐል ክዳን ሥር ተጣጥፎ የተቀመጠ የናይለን ከረጢት አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ማቀጣጠያና ጋዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር የያዘ የብረት ቆርቆሮ። መኪናው ሲጋጭ መቆጣጠሪያው ኤሌክትሪክ ይልካል፤ መሪው ቢዞርም የማይበጠስ ጥቅል ገመድ ያንን ወደ ቆርቆሮው ያደርሳል፤ ክዳኑ ተሰንጥቆ ከረጢቱ ዓይን ሳይርገበገብ ይነፋል። «ራቅ ብሎ ለተቀመጠ ትራስ ነው፤ ደረቱን ለለጠፈበት ግን መዶሻ ነው» ይሉ ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ባለቤታቸው በሚያሽከረክሩት ሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ሲጓዙ፣ ጉም ውስጥ ከቆመ የጭነት መኪና ጋር በጎን ተላተሙ። ተሳፋሪው ሁሉ ወጣ። አቶ ይታየው ግን እግራቸው በተጨፈለቀው ብረት ተይዞ፣ ደረታቸው ከመሪው ተጣብቆ ቀሩ። ኤርባጉ አልፈነዳም ነበር።

የአካባቢው ገበሬዎች ደርሰው መሪውን ሊፈነቅሉ ዲጂኖ ሲያነሡ፣ መምህርት ፀሐይወርቅ እጃቸውን ዘርግተው ከፊታቸው ቆሙ። «በእግዚአብሔር፣ እንዳትነኩት! ከፈነዳ ይገድለዋል!»

ከጭነት መኪናው ሹፌር የብሎን መፍቻ ተቀብለው የባትሪውን ገመድ ፈቱ። እሱ ብቻውን አይበቃም፤ መቆጣጠሪያው ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪያልቅ መጠበቅ ነበረባቸው። የባላቸውን እግር በነጠላቸው ጠፍረው አሰሩ። ደሙ በነጠላው ዘለቀ።

«ባልሽ እየሞተ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ አንዱ ጮኸባቸው።

እሳቸው ወደ ባላቸው ጎንበስ ብለው «ይታየው፣ እኔን እየኝ፤ እንዳትተኛብኝ» እያሉ እጃቸውን ይዘው ቆዩ። ሲበቃ የብረት መጋዝ አስመጥተው፣ የመሪው መሐል ሳይነካ ዙሪያው ብቻ እንዲቆረጥ አደረጉ። እግራቸውን የያዘው ብረትም በዲጂኖ ተፈልቅቆ አቶ ይታየው በሕይወት ወጡ።

እግራቸው ግን አልተረፈም። የአቶ ይታየው እናት ወ/ሮ የሺመቤት «ቶሎ ቢያወጡት ልጄ እግር ይኖረው ነበር» ብለው ደጃቸውን መርገጥ ተዉ። እውነት ይሁን አይሁን ሐኪሞቹም መናገር አልቻሉም። መምህርት ፀሐይወርቅ ለእህታቸው «ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ፤ እንቅልፍ ግን ነሣኝ» ብለው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በጉበት ሕመም አልጋ ሲይዙ፣ ወ/ሮ የሺመቤት ከጓሳ በኩል መኝታቸውን ተሸክመው መጡ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «የቀበርኩት እግሩን ነው፤ እሱን አልቀበርኩም። ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። መምህርት ፀሐይወርቅ የአማታቸውን እጅ ሳሙ። ከዚያ ወዲያ ያጠቧቸውም፣ ያጎረሷቸውም፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ነፍሳቸው ስትወጣ ዓይናቸውን የከደኑላቸውም እኚሁ አማታቸው ናቸው።

ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ወላጅ እናታቸውና አማታቸው ዛሬ አብረው ይሸኟቸዋል። እግዚአብሔር የቅዱሳኑን ደጅ ለነፍሳቸው ይክፈትላቸው፤ በዚህ ብርድ ለወጣችሁም ሁሉ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ።