ሁለት ጊዜ ዘጠኝ

ሐምሌ 8

እማዬና አባዬ ጠዋት ወደ መካነ ብርሃን ሄዱ። የእማዬ አጎት አርፈው ነው። ለቅሶ ደርሰው እስኪመለሱ ከሳምንት በላይ ይፈጃል… መንገዱ በዚህ ጭቃ። ቤቱ ለእኔ ተተወ። ስምንት ታናናሾች፣ ሦስት ላም፣ አንድ ጓሮ። ትምህርት ቤት ስልሳ ተማሪ ዝም አሰኛለሁ፤ እዚህ ስምንቱን ማስቀመጥ አቃተኝ።

መብራት ከጠፋ አሥራ አንድ ቀን። ስልኩ ሁሉ ሞቷል። ወትሮ ቀኑን የምትነግረን እማዬ ናት፤ በታቦት ትቆጥረዋለች። አባዬ በቅሎዋን እየጫነ፦ «ቀኑን አደራ፣ መምህርት። ደብተር የምትይዢው አንቺ ነሽ። በሚካኤል ዶማ እንዳይነሳ።»

ሚካኤል የአጥቢያችን ታቦት ነው። በየወሩ በ12 ማንም አፈር አይነካም፤ የነካ እንደሆነ በረዶ ይጠራል ይባላል።

«ኧረ አባዬ! ቀን መቁጠር ያቅተኛል?» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ሐምሌ 9

ማክሰኞ። ነጭ ሽንኩርቱን አረምን። እህቴ ሃና ስታርም ምላሷ አያርፍም፤ ከአረሙ ጋር ሦስት ሽንኩርት ነቅላ «እነሱም አረም ይመስላሉ» አለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መልስ አጥታ አታውቅም። ከእራት በፊት አቡነ ዘበሰማያት ስንደግም ትንሹ ወንድሜ እንግዳው በመሐሉ «እማዬ መቼ ትመጣለች?» ብሎ ጠየቀ። እግዚአብሔርን ይጠይቅ እኔን አላወቅሁም።

ሐምሌ 9

ቦራ ወለደች! ጠዋት ወንድሜ ገዱ እየጮኸ ገባ፤ ሁላችንም በባዶ እግራችን ወደ በረት። ሴት ጥጃ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። አራት ጊዜ ወድቃ በአምስተኛው ቆመች። እንግዳው አለቀሰ፤ «ለምን?» ስለው «እንጃ» አለኝ። ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ እንገሩን አልቀመስንም። ልጆቹ ድስቱን እየዞሩ ሲያዩት ዋሉ።

አያ አለምነህም መጡ። ላሟ ወልዳ ከጨረሰች በኋላ ደርሰው አወላለድ ሲያስተምሯት ቆዩ። እሷም በትዕግሥት አዳመጠቻቸው። የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለትም መሪ፣ ከሆኑ ወዲህ ምክር የማይሰጡት ፍጡር የለም።

ሐምሌ 10

ጉም። ከደጅ እስከ አጥሩ አይታይም። እንገሩን በላን፤ ሆዳችን ተነፋ። ድንቹ ከፍ ብሏል፣ አፈር ማቀፍ አለበት። ነገ ሁላችንም ወጥተን እንጨርሰዋለን፤ ከነገ ወዲያ ሚካኤል ነው፣ እናርፋለን። እማዬ ስትመጣ ተሠርቶ ቢጠብቃት… ደስታዋን አያት!

ሐምሌ 11

ምን ያለ ቀን ነበር!

ዘጠኛችንም ጓሮ ወጣን። ገዱ ይቆፍራል፣ እኛ እያቀፍን እንከተላለን። ጉሙ እንደ ትናንቱ ነው፤ ሰው ከሰው የሚተዋወቀው በድምፅ። ሃና ያሬዳዊ ዜማ እየተቀባበልን እንድንሠራ አደረገች፤ ግማሹን አናውቀውም፣ ያላወቅነውን «ሃሌ ሉያ» እያልን ሞላነው። ጓሯችን ከቤቱ ጀርባ ስለሆነ የሚታዘበን የለም።

በመሐል እትዬ ውዱ ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው፤ ያለቻቸው በመንገዱ ዳር ያለች የድንች መደብ ናት።

«ስጦትዬ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ ነው፣ እትዬ።»

«እሰይ። እኔስ ሚካኤል የደረሰ መስሎኝ ፈርቼ። እንግዲያ እኔም ልቆፍር።»

ዶማቸውን ይዘው ወጡ። ቆይቶ ጉሙ ገለጥ ሲል አያ አለምነህ ነጭ ጋቢ ለብሰው በመንገዱ ሲያልፉ በአጥሩ ቀዳዳ አየናቸው። እትዬ ውዱን ቆም ብለው አዩአቸው፤ ሰላምታ ሳይሰጡ ሄዱ። «ዛሬ ምክር አለቀባቸው መሰለኝ» አለች ሃና። ሳቅን።

ወገቤ ተቆርጧል። ግን እንዲህ ያለ ድካም ደስ ይላል።

ሐምሌ 13

12 ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ዛሬ 13 ነው።

ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ፣ ጧፍ ይዤ ሚካኤል ሄድኩ። ግቢው ጭር ብሏል። ዲያቆን ያርጋል በሩን ሲቆልፍ አገኘሁት።

«ለሚካኤል ነው የመጣሁ…»

«ትናንት አለፈ እኮ፣ እት ስጦታ! ደወሉን አልሰማችሁም? ጉሙ ዋጠው መሰለኝ።»

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ደብተሬን ገለጥኩ። ማክሰኞም 9 ብያለሁ፤ ረቡዕም 9። ጥጃዋ! ደስታው ቀኑን አስረሳኝ። አርብ ዕለት፣ በታቦቱ ቀን፣ ስምንት ልጅ አስከትዬ አፈር ቆፈርኩ። በዚያ ላይ እትዬ ውዱን አስቆፈርኩ።

ከቀትር በኋላ በረዶ ወረደ።

ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሲያባራ ጓሮው እንደ ጨው ነጭቷል። የድንቹ ቅጠል ተቆራርጦ፣ ግንዱ ብቻ ቀርቶ… ጎመኑ ወንፊት ሆኖ። የሰፈሩ ገብስ ሁሉ ተኝቷል። እንግዳው በረዶ አፉ ሊያስገባ ሲል እጁን መታሁት። ምን በደለኝ?

በረዶ እንዴት እንደሚሠራ አምስተኛ ክፍልን የማስተምር እኔ ነኝ። ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ የምስለው እኔ ነኝ። ግን ሆዴ ትምህርቱን አልሰማ አለኝ። ፈራሁ።

ሐምሌ 14

እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ አያ አለምነህ ተነሱ።

«አርብ ዕለት፣ በታቦቱ ቀን፣ ውዱ ዶማ ይዛ በዓይኔ አይቻለሁ። ቅዳሜ የሆነውን ሁላችሁም አይታችኋል።»

ሁሉም ወደ እትዬ ውዱ ዞረ።

«ቀኑ ተሳስቶብኝ ነው» አሉ።

«ማን አሳሳተሽ?»

እትዬ ውዱ መሬት መሬቱን እያዩ፦ «ማንም። ራሴ ነኝ» አሉ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም።

ለሳምንት ተቀጠረ። ከሰንበቴው ትውጣ አትውጣ የሚለውን እሑድ ይወስናሉ። ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው። ሰንበቴው ነው ዘመዳቸው። ቢታመሙ ማን ይጠይቃቸዋል? ቢሞቱስ?

እኔ ዝም አልኩ። አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ፈሪ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ሐምሌ 15

እትዬ ውዱ ቤት ሄድኩ። ከድንቹ ጠርዝ በረዶ ከጣለው ጎመን የተረፈውን እየለቀሙ ነበር።

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ብዬ? የልጅ ስም በጉባኤ ላንሳ? አባትሽ መንገድ ላይ ናቸው። ከለቅሶ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ይኼ ይሁን?»

«ግን ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ።» ጎመኑን ለሁለት ከፍለው ግማሹን አስታቀፉኝ። «ለልጆቹ ቀቅይላቸው።»

እምቢ ማለት አቃተኝ። እያለቀስኩ ቀቀልኩት። ሃና «ጨው አትጨምሪበት፣ በቂ ነው» አለች።

ሐምሌ 17

መጡ! እማዬ ጭቃ በጭቃ ሆና… ስምንቱ ተንጠለጠሉባት። እኔ ራቅ ብዬ ቆምኩ።

አባዬ ጓሮውን ዞሮ አየ፤ ተመልሶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሁሉንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ፦

«ደብተሩን አምጪው።»

አባዬ ልጅ ሳለ ዳዊት ደግሟል፤ ቀስ እያለ ያነባል። ጣቱን አንዱ 9 ላይ አደረገ፣ ሌላውን ጣት ሌላው 9 ላይ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነው!

«ለዚች ለግንባረ ነጯ ጥጃ ብለሽ ነው?»

«አዎ።»

ከዚያ ሳቁን ተወ። «ውዱ ግን ስላንቺ ሰባት ቀን አንገቷን ደፍታ ልትከርም ነው። እሑድ ደብተሩን ይዘሽ ትመጫለሽ። እኔ ከጎንሽ እቆማለሁ፤ የምትናገሪው ግን አንቺ ነሽ።»

ፍርሃቱ አለ… ግን ቀለል አለኝ።

ሐምሌ 21

ከየት ልጀምር?

ተነሳሁ። «እትዬ ውዱን ያሳሳትኩ እኔ ነኝ» አልኩ። «ጠየቁኝ፣ አሥራ አንድ ነው አልኳቸው። እኛም ቤተሰቡ በሙሉ ስንቆፍር ነው የዋልን፤ ጓሮው ስለሚከለል ነው ያልታየነው። ባለፈው እሑድም እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

አያ አለምነህ፦ «እናስ መምህርት አይደለሽም? ለምን ተሳሳትሽ?»

ደብተሩን ለአባ ሰይፈ ሥላሴ ሰጠኋቸው። የንስሐ አባታችን ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀኖቹን ብቻ ያያሉ ብዬ ነበር… ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ! «ቦራ ወለደች…» ሕዝቡ ፈገግ አለ። እኔ ግን ከታች ያለው ትዝ አለኝ። «አባ፣ እዚያ ላይ ይበቃል!» ብል ማን ሰምቶኝ።

«… አያ አለምነህም መጡ። ላሟ ወልዳ ከጨረሰች በኋላ ደርሰው አወላለድ ሲያስተምሯት ቆዩ…»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ከሴቶቹ በኩል አንዷ ፈነዳች። ከዚያ ሁሉም። ሽማግሌዎቹ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንባቸውን ይጠርጋሉ። በመጨረሻ ራሳቸው አያ አለምነህ፦ «እውነቷን ነው… ሚስቴም ይኼንኑ ትለኛለች» ብለው ከሁሉም በላይ ሳቁ።

ሳቁ ሲያልቅ አባ ቆሙ።

«ስሙኝ። አርብ ዕለት እኔ ስቀድስ ነው የዋልኩ። ቅዳሜ የእኔም ገብስ ተመቷል። በረዶው በዓል የሻረውን ቢመርጥ ኖሮ የእኔን ይተውልኝ ነበር። በዓሉ ይከበራል፤ ሥርዓታችን ነው። ግን እግዚአብሔር አንዲት መበለት በስህተት ዶማ አነሳች ብሎ የአገር ገብስ አይደበድብም። ስጦታ ስለ ስህተቷ አይደለም፣ ስለ ዝምታዋ እስከ ፍልሰታ በየቀኑ አርባ ትስገድ። ልደቱ፣ አንተ ደግሞ ከነልጆችህ የውዱን መደብ ታቃናለህ።»

አባዬ «እሺ፣ አባ» አለ።

አያ አለምነህ ሄደው እትዬ ውዱ ፊት ጎንበስ አሉ። «ይቅር በይኝ።»

«እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አሉ እትዬ ውዱ። ከዚያ በጉባኤው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ አዩ። ጠቀሱኝ! በዚያ ዕድሜ!

ተመስገን። ሌላ የምጽፈው የለኝም። ተመስገን።

ሐምሌ 23

ትናንት ሰኞ፣ ከጠዋት እስኪመሽ፣ አሥራ አንዳችንም እትዬ ውዱ መደብ ላይ። ዛሬ ጊዮርጊስ ስለሆነ አረፍን፤ ቀኑን ከእማዬ ጋር ሁለት ጊዜ አመሳክሬያለሁ። እማዬ አጎንብሳ የተቆራረጠውን የድንች ግንድ ስትነካካ ቆይታ ጠራችኝ። ከአንጓው ሥር ትንንሽ ቅጠል ወጥቷል። አረንጓዴ፣ ገና የተጨማደደ።

«ከሥሩ አልሞተም» አለች። «ነጭ ሽንኩርቱማ በረዶ መውረዱንም አላወቀ።»

አያ አለምነህም መጡ። አፈር እንዴት እንደሚታቀፍ አስተማሩን። ጨርሰን ነበር።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ስግደቱን ጨረስኩ። ጉልበቴ ያማል፤ ልቤ አያምም።

ነሐሴ 13

መብራት መጣ። ልጆቹ ጨፈሩ። ስልኬ ተከፈተና ቀኑን አሳየኝ… ከደብተሬ ጋር እኩል ነው። ሦስት ጊዜ አየሁት።

ነሐሴ 20

አባዬ ቅዳሜ ከደባርቅ ሁለት የግድግዳ ካላንደር ገዝቶ መጣ። አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለእትዬ ውዱ። መጀመሪያ ትንሽ ከፋኝ፤ ከሹመት የተሻርኩ መሰለኝ። ሃና ገልጣ አየችውና ሳቀች። የአዲሱ ዓመት ነው! እስከ መስከረም አንድ አይሠራም። አባዬ ጭንቅላቱን እያከከ «እስከዚያ ያው አንቺው ነሽ» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ሳለሁ እትዬ ውዱ ከአጥሩ ማዶ ጠሩኝ። ዶማ ይዘዋል። የመጀመሪያውን ድንች ሊያወጡ ነው።

«ስጦትዬ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

እየቀለዱብኝ ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ። አልቀለዱም። ደግሞም ከእኛ ቤት ሌላ ሰባት ቤት አለ፤ ማንንም መጠየቅ ይችሉ ነበር።

«ሃያ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

ሌላ አልጠየቁኝም። ዶማውን አነሱና መሬቱን መቱት።