ጥሩ ጨዋታ ነበር

ስፕሩስ ቤንድ፣ ሳስካችዋን፣ ካናዳ
ጃንዩወሪ 19

ለምወድሽ ልጄ ለላሪሳ፣

ስልክ ስለማታነሺ ነው የምጽፍልሽ። አልፈርድብሽም፤ እኔም ብሆን አላነሳም ነበር። እናትሽ ደህና ናት። ብርዱ ዘንድሮ አጥንት ድረስ ይገባል። የምትጫወቺበት ስዊድንም ያው ነው አሉ፤ ክፍልሽ ይሞቃል?

ያ የገና ሰሞን ቅዳሜ ከፊቴ አልሄድ አለኝ። አንቺ የሰማሽው መጨረሻውን ብቻ ነው፤ መጀመሪያውን ልንገርሽ፣ ለማመካኘት አይደለም። በበረዶ ሜዳው ካፌ እንደ ወትሯችን ከሆኪ ተጫዋች ሁሉ ማን ይበልጣል እያልን ስንነታረክ ነበር። ያ ጓደኛዬ ዋልተር፣ “ከግሬትስኪ በላይ ማን አለ? ቁጥሩን እየው እንጂ” ይላል። እኔም፣ “ቦቢ ኦርን ጉልበቱ ባይከዳው ኖሮ ስለ ሌላ ሰው ባላወራን” እላለሁ።

“ኦሬስት፣ ዕድሜህን ሙሉ ስለ ጉልበት ታለቅሳለህ። ስለ ሱ ነው ወይስ ስለ ራስህ?” ሲለኝ ሁሉም ሳቁብኝ። ያን ጊዜ ሾርባ የምትቀዳው ስቴፋ፣ “እኔ በዓይኔ ካየሁት ላሪሳን የሚያክል የለም” አለች።

“ስቴፋ፣ እኛ የምናወራው ስለ ሆኪ ተጫዋች ነው” አልኳት።

ሳቁ ከእኔ ላይ ተነስቶ አንቺ ላይ አረፈ። እኔም ቀለል አለኝ፣ ልጄ። የማፍረው ከተናገርኩት ይልቅ በዚህ ነው።

ከኋላዬ መቆምሽን ያወቅሁት ዋልተር አንገቱን ሲደፋ ነው። ብትሰድቢኝ በተሻለኝ። ጓንትሽን አወለቅሽና፣ ውድድር ሲያልቅ ሁለቱ ቡድን ተሰልፎ እንደሚጨባበጠው፣ ጠረጴዛውን ዞረሽ ሁሉንም ጨበጥሽ። ሳይጨብጥ ከሜዳ የሚወጣ ተጫዋች አይባልም ብዬ ያስተማርኩሽ ራሴ ነኝ። እኔን መጨረሻ አደረግሽኝ። “ጥሩ ጨዋታ ነበር፣ ታቶ” አልሽኝ፤ በአያቶቻችን ቋንቋ አባዬ ማለትሽን እንኳ ሳትተዪ ወጣሽ። በማግስቱ በረራሽን አስቀድመሽ ሄድሽ። እናትሽ ድንች በሊጥ ጠቅልላ የሠራችልሽ ፒሮጊ እስካሁን ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።

ትናንት ካፌ ሄጄ ስለ ኦር ትንፍሽ ሳልል ስቀር ዋልተር፣ “ምን ነካህ ዛሬ?” አለኝ።

“ላሪሳ ናት” አልኩት።

“ምኗ?”

“ማን ይበልጣል ትል የለ? እሷ ናት።”

“አባት ስለሆንክ ነዋ!”

“አይደለም። ግሬትስኪንም ኦርንም በቴሌቪዥን ነው የማውቃቸው። እሷን ግን ጓሮዬ ውስጥ ገጥሜያታለሁ። ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ያቺን ጥቁር ጎማ ፓክ ቀማችኝና በእግሮቼ መሃል አሳልፋ ጎል አገባችብኝ። በአጋጣሚ ነው ብዬ ዱላዬን ሳስተካክል ደግማ አገባችብኝ።”

ማንም አልሳቀም። ስቴፋ ሾርባዬን አስቀመጠችና፣ “ይሄ ለነዚህ ምን ያደርግላቸዋል? ለሷ ንገራት” አለችኝ። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። አሳፍሬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ዛሬ ጠዋት ጓሮውን ውሃ አጠጥቼ በረዶ አደረግሁት። አንቺ ካሸነፍሽኝ ከዚያ ክረምት ወዲህ፣ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ጋራዡ ውስጥ የሰቀልኩትን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዬን አወረድኩና ወጣሁ። መጀመሪያ ተንገዳገድኩ፤ ኋላ ግን እግሬ አስታወሰ። እናትሽ በመስኮት ብቅ ብላ፣ “አንተ ሰውዬ፣ ጉልበትህስ?” አለችኝ።

“ደህና ነው” አልኳት።

“መቼ ዳነ?” አለች። ዱላዬን አንስቼ ሌላ ዙር ዞርኩ።

አምላክ በሰው አገር በረዶ ላይ እግርሽን ያጽናልሽ፤ የሚያከብርሽን ሰው አያሳጣሽ። የመጣሽ ዕለት አንድ ጨዋታ እንጫወታለን። እንደምታሸንፊኝ አውቃለሁ። ሲያልቅ ጓንቴን አውልቄ ቀድሜ የምሰለፈው እኔ ነኝ።

አባትሽ
ኦሬስት