ያልተቀባው የኮርኒስ ጥግ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3

ዝናብ። ጉልበቴ ከሬዲዮው ቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ድንች ላጥኩ፣ አንድ ዓሣ ጠበስኩ። ግማሹን ድመቷ በላች።

ከሰዓት ዳቦ ልገዛ ስወጣ የፊት ለፊት ጎረቤቴ ወይዘሮ ክሌግ መስኮቷን ትወለውላለች። "አንተ አረመኔ፣ እስካሁን አልሞትክም?" አለችኝ። "አንቺን ሳልቀብር?" አልኳት። ሰላምታችን ይኸው ነው፤ አርባ ዓመት ሞላው። ድሮ የትግል ተጋጣሚዬን ዊልፍን መድረክ ላይ ጥዬ ስረግጠው ከወንበሯ ተነስታ የባርኔጣዋን መርፌ ቂጤ ላይ ሰክታብኛለች። ጠባሳው አሁንም አለ። ይቅርታ አልጠየቀችም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ጋዜጣው የከተማው መዋኛ ሊዘጋ ነው ይላል። እስከ ገና በዓል አይቆይም። እዚያ ነበር የምንታገለው። ብርድ ሲገባ ገንዳውን በሳንቃ ይሸፍኑትና መድረኩን ከላዩ ይተክላሉ። ሰው ሲወድቅ ሳንቃው እንደ ከበሮ ይጮሃል። ከሥር የውሃው መድኃኒት ሽታ፣ ከላይ ላብ፣ ሲጋራ፣ የተጠበሰ ሽንኩርት። ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ "አንገት ሰባሪው ይውጣ" ሲል… የመድረክ ስሜ ነበር። እናቴ ያወጣችልኝ ሲሪል ነው። የማንንም አንገት ሰብሬ አላውቅም።

ዊልፍ ወሬውን ሰምቶ ይሆን? ካየሁት ሁለት ዓመት አለፈ። ልደውል?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 5

ደወልኩ። ልጁ ሊንዚ አነሳች።

"አባባ መጦሪያ ገብቷል። ብዙ ነገር ይረሳል አሁን… ማን ልበል?"

"ሲሪል።"

"አንገት ሰባሪው?"

"አዎ፣ ልጄ።"

"ልጄ አይበሉኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ትከሻውን አወለቁትና በጋውን ሙሉ ሊያቅፈኝ አልቻለም። የጫማውን ክር እንኳ እኔ ነበርኩ የማስርለት። እሱ ዘንድ እንዳይሄዱ።"

ዘጋችው። እውነቱን አልነገራትም። ለገዛ ልጁ አልነገራትም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 8

ትከሻው የወለቀው እዚሁ ኩሽናዬ ውስጥ ነው። ኮርኒሴን ነጭ ሲቀባልኝ ከመሰላል ወድቆ። ባለቤቴ ኖራ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሻይ እያፈላች ነበር። ሐኪም ቤት ልንወስደው ስናነሳው በሕመሙ መሃል ሳቀ። "አንተ አወለቅከው እንበል። ለመልሱ ግጥሚያ አዳራሹ አይበቃም" አለ። እውነትም አልበቃም። ያ ሳይቀባ የቀረው የኮርኒስ ጥግ እስከ ዛሬ ቢጫውን ነው። ኖራ ስንት ጊዜ ቀባው ብላ ለመነችኝ። እሱ ይጨርሰዋል እላት ነበር።

ሕጋችን እንዲያ ነበር። መድረክ ላይ እኔ ክፉውን፣ ዊልፍ ደጉን ነበር የምንጫወተው፤ ሁለቱ ደግሞ ሰው ፊት አብረው አይታዩም። አንድ መኪና አይሳፈሩም፣ አንድ ገበታ አይቀርቡም። ስንሳሳቅ ካዩን ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ቴሌቪዥን ፊት ማን ይቀመጣል? ስለዚህ ዊልፍ ሃያ ዓመት ሙሉ ቤቴ የገባው ኮሌታውን አቁሞ፣ በጓሮ በር ነው። ከሚስቶቻችን በቀር ለማንም ላንናገር ተጨባብጠናል። ለሊንዚም ያልነገራት፣ ልጅ ምሥጢር አትይዝም ብሎ ይሆናል። ትደግ ብሎ ይሆናል… ከዚያ ራሱ ረሳው።

መድረክ ላይ ደግሞ ሌላ ቋንቋ ነበረን። ተቆላልፈን ሳለ "ደህና ነህ?" ይለኛል፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። እኔ የእጁን አንጓ አንዴ ጫን አደርጋለሁ፤ ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ አሞኛል፣ ተው። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ምልክቴን ስቶት አያውቅም።

ለሊንዚ ልንገራት? ምሥጢሩ የኔ ብቻ ቢሆን ዛሬውኑ እደውል ነበር። ግማሹ የሱ ነው። እሱን አሁን ማን ይጠይቀዋል?

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 14

አይምጡ ብትለኝም ሄድኩ። ክራቫት አስሬ፣ ብስኩት ይዤ።

ሊንዚ እዚያው ነበረች። ዊልፍ መስኮቱ ዳር ተቀምጧል። ያ ወርቅ የመሰለ ፀጉር የለም። እጄን ዘረጋሁለት። እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቀ።

"አዩት? ዛሬም ይፈራዎታል" አለች። ቁጣም አልነበረባትም፣ ደክሟት ነበር።

አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። በሰባ ስምንት ዓመቴ። ከኖራ በኋላ እኔን የሚያውቀኝ አንድ ሰው እሱ ነበር። እሱም ካላወቀኝ ማን ሊያውቀኝ ነው?

እሑድ፣ ኦክቶበር 15

ሾርባ። ማንም አልደወለም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 18

አሁን ገባኝ። ዊልፍ ሰው በተሰበሰበበት እኔን በክራቫት አይቶኝ ያውቃል? ብስኩት ይዤ? ምን ያድርግ ታዲያ… በምን ይወቀኝ?

ጥቁሩን የመድረክ ካባዬን ከሣጥን አወጣሁት። ብል በልቶታል። ለሊንዚ ደወልኩ። "አምስት ደቂቃ ብቻ ስጪኝ። አንቺ አጠገባችን ቁሚ። ከፈራ ሁለተኛ አታዪኝም።"

"ቅዳሜ" አለች በመጨረሻ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 21

በሕይወት እስካለሁ እንዳልረሳው ሁሉንም ልጻፈው።

አሥር ሰዓት ላይ ገባሁ። ሳሎኑ በአረጋውያን ሞልቷል። ካባዬን ሲያዩ አንዲት ባለ ምርኩዝ "ውይ፣ ያ ከይሲ መጣ" አለች። ሌላዋ "ውጣ" አለች። ከዚያ ሦስት አራት ሆነው ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ እየደበደቡ ሰደቡኝ። ልቤ ሞቀ።

ዊልፍ ፊት ቆምኩ። ድሮ መድረክ ላይ እንደማደርገው ጮህኩበት።

"አንተ ወርቃማ ዶሮ፣ ዛሬ ላባህን ነው የምነጭልህ።"

ቀና አለ። አየኝ። ብርድ ልብሱን ጣለ፣ ተነሳ፣ አንገቴን በክንዱ ቆለፈ። ሊንዚ "አባባ" ብላ ልትገላግለን መጣችና ድንገት ቆመች። ሌላኛውን እጁን አየች። ማጅራቴን ደግፎ ይዞኛል፣ ሕፃን እንደሚያዝ። ቀስ አድርጎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። አፉን ጆሮዬ ሥር አስጠጋ።

"ደህና ነህ ሲሪል? ጉልበትህስ?"

አንጓውን አንዴ ጫን አደረግኩት።

ሊንዚ አጠገባችን ቁጢጥ አለች። ሰምታዋለች። "ታዲያ ትከሻውስ?" አለችኝ።

ዊልፍን አየሁት። ግማሹ የሱ ነው። አፌን ዘጋሁ።

"ኮርኒሱ አንድ ዙር ቀለም ይቀረዋል" አለ ዊልፍ። "መሰላሉን ግን ኖራ ትያዘው። ሲሪል አይታመንም።"

"የምን ኮርኒስ?" አለች ሊንዚ።

"የኔ ኩሽና" አልኩ። እሱ ከጀመረውማ… ነገርኳት። መሰላሉን፣ የጓሮውን በር፣ ሁሉንም። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ አፍንጫዋን በካባዬ ጫፍ ጠረገች።

"ዕድሜዬን ሙሉ ነው የጠላሁዎት" አለችኝ።

"ሥራዬ ነበር፣ ልጄ።"

ልጄ አይበሉኝ አላለችም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 24

ሊንዚ ደወለች። ጉልበቴን ልትጠይቅ። ዊልፍ ዛሬ ማንንም እንዳላወቀ ነገረችኝ፣ እሷንም ጭምር። መዋኛው ሳይዘጋ ሦስታችን ሄደን እንየው አለች። ስልኩን ስትዘጋ "ደህና ሁን፣ አጎቴ ሲሪል" አለችኝ። ድመቷ ዛሬ ዓሣውን በሙሉ በላች። አልተቆጣሁም።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 4

መጡ። መዋኛውን ከማየታችን በፊት ሻይ ልንጠጣ ነው። ሊንዚ መኪናዋን ደጄ ላይ አቆመች። ዊልፍ ስሜን አላወቀም። ከመኪናው ወርዶ ግራ ቀኙን አየ፣ ኮሌታውን አቆመ፣ ወደ ጓሮው መተላለፊያ ጉዞ ጀመረ። እግሩ አልረሳም።

"በዚያ ነበር የሚገባው?" አለች ሊንዚ።

"ሃያ ዓመት።"

ጉልበቴ እንደቻለ ተከትዬ ክንዱን ያዝኩት። "ዛሬ በፊት ለፊት ነው የምንገባው" አልኩት።

"ሰው ያየናል" አለኝ በሹክሹክታ።

ሰው አይቶናል። ወይዘሮ ክሌግ መወልወያዋን ይዛ ደጇ ላይ ቆማለች። "አንተ አረመኔ፣ ዊልፍን ልቀቀው" አለች።

"ጓደኛዬ ነው" አልኳት። መንገድ ላይ፣ ጮክ ብዬ። ተናግሬው አላውቅም ነበር።

እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ የተያያዘውን ክንዳችንን አየች። "ታዲያ ያ መርፌዬ በከንቱ ነው?"

"የለም፣ ወይዘሮ ክሌግ። ጥሩ መርፌ ነበር።"

ዊልፍ አንጓዬን አንዴ ጫን አደረገ። በፊት ለፊት በር ገባን።

ኩሽና አስቀመጥኩት፣ በድሮ ወንበሩ። ወደ ላይ አንጋጦ ያቺን ቢጫ ጥግ ብዙ አያት።

"ይሄን ማነው ሳይጨርስ የሄደው?" አለ።

"አንድ ጓደኛዬ።"

"ይመለሳል?"

"ተመልሷል" አልኩት። ሻይ ቀዳሁለት።