የድብ ባሕር ምንጭ ጭቃ

ግንቦት 3፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ውኃው እንደገና ጠፋ። የመስታወቱ ማቀዝቀዣ ደረቀ፣ እንፋሎቱ በላይ አመለጠ፣ የላቦራቶሪያችን ክፍል በቤንዞል ታፈነ። እሳቱን አጠፋሁ። ቤንዞል ስልህ የማኪና ቤንዚን እንዳይመስልህ፣ ደብተሬ፤ ይኼኛው ከአስመራ በጠርሙስ የሚመጣ፣ ከጭቃ ውስጥ ቅባትና ካትራሜ፣ ያን የመንገድ ሬንጅ፣ መጥጦ የሚያወጣ ነው። የቀረኝ ለሁለት ሙከራ ብቻ። ጎንደር ስንት ቤተ መንግሥት አላት፣ የረባ ቧንቧ ግን የላትም። ራሴን አሞኛል።

ግንቦት 5፣ ሐሙስ

አያ ተገኘ ከድብ ባሕር መጡ። የእህቴ የእናኑ ጎረቤት ናቸው። ሁለት ገንቦ ጭቃ በጭነት ማኪና ጭነው፣ የገንቦዎቹን አፍ በጨርቅ አስረው። አንዱ ከምንጩ ሥር የተዛቀ፣ ሁለተኛው ከካምፑ በላይ ካለው፣ ምንም ካልነካው ጅረት። ለማነጻጸሪያ።

ነገሩን እስካሁን አልነገርሁህም። የመንገድ ሥራው ካምፕ የካትራሜ በርሜሎቹን ከምንጩ በላይ ደርድሯል። አንዳንዱ ፈሷል። ውኃው ላይ ቅባት ይንሳፈፋል፣ ከብቱ አሽትቶ ይመለሳል። ሰው ግን ወዴት ይመለስ? ሌላው ውኃ ገደሉ ሥር ነው። ገና ድክ ድክ ማለት የጀመረው የእናኑ ልጅ የጠጣውን ሁሉ ያስመልሳል። የካምፑ ሹም የላቦራቶሪ ወረቀት አምጡ ብሏል። ካትራሜ ነው የሚል ማኅተም ያለበት ከመጣ በርሜሎቹን ያነሣል፤ አለዚያ የበሰበሰ ቅጠል ነው ባይ ነው። ክረምት ከገባ ደግሞ ጎርፉ የቀረውን ካትራሜ ጠርጎ ምንጩ ውስጥ ያወርድላቸዋል።

አያ ተገኘ የመስታወት ዕቃዬን አገላብጠው አይተው፣ ይኼ ሁሉ ሸጋ ዕቃ እያለልህ ምነው ዛሬውኑ አትነግረን አሉኝ። ሳቅሁ። ሳምንት ታገሡኝ አልኋቸው።

ግንቦት 9፣ ሰኞ

ጭቃው በጥላ ደረቀ። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ የምንፈልገው ነገር ይበናል። ወቀጥሁ፣ ነፋሁ፣ በወረቀት ከረጢት አድርጌ መስታወቱ ውስጥ ከተትሁ። ቤንዞሉ ከሥር ይፈላል፣ ይተናል፣ ቀዝቅዞ ጭቃው ላይ ይንጠባጠባል፣ ሲሞላ ተመልሶ ይወርዳል። እንደገና። ቀኑን ሙሉ። ውኃም አልጠፋ! የምንጩ ጭቃ ቡናማ ቅባት ሰጠ። ዶ/ሩ፣ ፈረንጁ አለቃዬ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ዛሬ ደስ ብሎኛል።

ግንቦት 11፣ ረቡዕ

አበቃ።

የላይኛውን፣ ያልተነካውን ጭቃ፣ በዚያው መንገድ አወጣሁ። ምንም መውጣት አልነበረበትም። ያው ቡናማ ቅባት ወጣ። ሁለቱንም በማጣሪያው ነጭ ዱቄት አሳልፌ ጨለማው ክፍል ውስጥ በሐምራዊው መብራት ሥር ያዝኋቸው። ሁለቱም ካትራሜ የሚያበራውን ያንኑ ሰማያዊ ያበራሉ። ዶ/ሩ መነጽሩን ጠረገ።

ባዶውን ገንቦ አንሥቼ አሸተትሁ። ወይራ! እናኑ ገንቦዎቹን አጥባ በወይራ ጭስ አጥናቸዋለች። ለወተት፣ ለጠላ፣ ለክቡር እንግዳ ውኃ እንደሚደረገው። ዕቃው አደራ በደንብ ይታጠብ ብዬ ብልክባት፣ ለእኔ ስትል የምታውቀውን ንጽሕና ሁሉ አደረገችልኝ። የጭሱ ጥላሸትና ካትራሜው ግን ሁለቱም በቤንዞል ይሟሟሉ፣ በመብራቱም ሥር ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው መሣሪያ እኛ ዘንድ የለም። በወይራ በታጠነ ወተት ያደግሁ ሰው ይህን አለማሰቤ! እሷ ምን ታድርግ። ተናደድሁ፣ ከዚያ አለቀስሁ። ቤንዞሉ አልቋል።

ግንቦት 17፣ ማክሰኞ

ዶ/ሩ ቤንዞል አስጠይቆ ነበር። መልስ፦ ከክረምት በኋላ። ደባርቅን አልፎ በሚወርድ ሾፌር ለእናኑ ላክሁባት፦ ጭቃው ከገንቦው የተነሣ ተበላሽቷል፣ ልጁን ከዚያ ውኃ አታጠጪው። ማጠኗን አላነሣሁም። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሲመሽ ካፊያ ጀመረ።

ግንቦት 23፣ ሰኞ

አያ ተገኘ እንደገና መጡ፣ በዝናብ ርሰው። አዲስ ገንቦ ጭቃ ይዘዋል። የእናኑ መልእክት እንዲህ ነው፦ «የፊተኛው ተበላሸ ብትለኝ አፈርሁ ወንድሜ። ይኼንስ ደጋግሜ አጥኜልሃለሁ።»

ሽታው እስከ በሩ ድረስ ሄደ። አመሰግናለሁ በሉልኝ አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ? ስለ ልጁ ጠየቅኋቸው። ትንሽ ከስቷል አሉ፤ ይህን ሲሉ ፊቴን አላዩም። ምነው ከገደሉ ሥር ባትቀዳለት? አልኋቸው። የታመመ ልጅ ለማን ጥላ ትውረድ አሉኝ።

ግንቦት 26፣ ሐሙስ፣ ጧት

ወረቀቱ ከትናንት ወዲያ ተጻፈ። «ካትራሜ ስለመሆኑ ማረጋገጥ አልተቻለም።» ውሸት የለበትም። ዶ/ሩ ፈረመ፣ እኔም ፈረምሁ። ለካምፑ ሹም ግን ይህ ካትራሜ የለም ማለት ነው። ትናንት መልእክተኛው መጥቶ እየሳቀ ወሰደው። በርሜሎቹ እዚያው ይከርማሉ።

ወሰንሁ። ነገ በእህል ጫኝ ማኪና ድብ ባሕር እሄዳለሁ። እናኑንና ልጁን ይዤ እመጣለሁ፣ ባሏ ከፈቀደ፣ እሷም እሺ ካለች። ለቀረው መንደር ደግሞ ምንጩን ተዉት እላለሁ። ወረቀቱ ምን አለ ብለው ይጠይቁኛል። እስክደርስ ሹሙ ያነብላቸዋል፣ ፊርማዬንም ያሳያቸዋል። እኔም ቆሜ፣ ሙከራውን ያበላሸው የገንቦው የወይራ ጭስ ነው እላቸዋለሁ፣ እናኑ እየሰማች።