ያሳተሙትን ግኝት በገዛ እጃቸው የሰረዙት የፊዚክስ ሊቅ

እኛ ቤተሰቦቻቸው «እትዬ»፣ ተማሪዎቻቸው ደግሞ «ድገሙት» እያልን የምንጠራቸው እኅታችን ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከስልክ ኦፕሬተሯ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ከአባታቸው ሱቅ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ሲሆን የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው በከፍተኛ ውጤት አጠናቀቁ። በ1966 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገብተው በፊዚክስ እስከ ዶክትሬት ዲግሪ ተማሩ፤ በክፍላቸው የነበሩት ብቸኛ ሴት እርሳቸው ነበሩ። በ1975 ዓ.ም. ከሂሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። በዚያው ዓመት በዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሆነው ተቀጠሩ።

ምርምራቸው የስልካችንና የኮምፒውተራችን ሆድ ዕቃ በሚሠራበት ሴሚኮንዳክተር ውስጥ፣ ከፀጉር ሺህ ጊዜ በቀጠነ መተላለፊያ ኤሌክትሮኖች እንዴት እንደሚያልፉ ማጥናት ነበር። መንገዱ ያን ያህል ሲጠብና ቅዝቃዜው ከበረዶ እጅግ ሲብስ፣ መተላለፊያውን ሲያሰፉት ፍሰቱ እንደ ቧንቧ ውኃ ቀስ እያለ አይጨምርም፤ በደረጃ እየዘለለ ይወጣል። ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ ወንድማቸው የቤት ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝና «አንተ ኤሌክትሮኑን በጅምላ፣ እኔ በችርቻሮ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. በሁለት ደረጃዎች መካከል ማንም ያላያትን አንዲት ትንሽ ደረጃ ማግኘታቸውን አሳተሙ። ስማቸው በሙያው ዓለም ገነነ፤ ለፕሮፌሰርነትም ታጩ። በ1990 ዓ.ም. ላቦራቶሪው ወደ ሌላ ፎቅ ሲዛወር ግን ልኬቱን ቢደግሙት ትንሿ ደረጃ የለችም። ሰባት ሳምንት ሽቦ በሽቦ ሲፈትሹ ከርመው ጥፋቱን ደረሱበት። በድሮው ክፍል የማቀዝቀዣው ፓምፕና የመለኪያው የመሬት ሽቦ፣ እኛ ኧርዝ የምንለው፣ በሁለት የተለያየ ቦታ ታስሮ ኖሯል። በመካከላቸው የሚዞረው ፍሰት ልኬቱን አበላሽቶ ያልነበረ ደረጃ አሳይቷቸዋል።

የማዕረጉ ውሳኔ ሊሰጥ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እኔም መካሪ ሆኜ፣ «እትዬ፣ ማን ያውቃል? መጀመሪያ ሹመቱ ይለፍና ያኔ ትናገሪያለሽ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «አንተ ሽቦ አሳስተህ የዘረጋህበት ቤት ሰው እየኖረበት መሆኑን ብታውቅ እንቅልፍ ይወስድሃል?» አሉኝ። በማግስቱ ጽሑፉን መሰረዛቸውን በፊርማቸው አስታወቁ። ሹመቱ ቀረ፤ ማዕረጉን ያገኙት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እኔም ተናድጄ አራት ወር ሙሉ ደጃቸውን አልረገጥኩም። ከዚያ ወዲህ ያማረ ውጤት ይዞ የመጣ ተማሪ ሁሉ መልሳቸውን ያውቀዋል፤ ቅጽል ስማቸውም የወጣው ያኔ ነው።

በዓመቱ ከሌላ አገር አንዲት ተመራማሪ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ያችን ደረጃ ሦስት ዓመት ፈልገው ቢያጡ «እጅሽ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም» ተብለው ሊሰናበቱ ደርሰው ነበር። የእትዬ መግለጫ ሲወጣ ግን ልክ የነበሩት እርሳቸው መሆናቸው ታወቀ፤ በሥራቸውም ቀጠሉ። ዛሬ የትልቅ ላቦራቶሪ ኃላፊ ናቸው፤ ሁለት አውሮፕላን ቀይረው መጥተው አሁን ከመካከላችን ቆመዋል።

እኅታችን አርባ አንድ የምርምር ጽሑፎች አሳትመውና አሥራ ሰባት ዶክተሮች አስመርቀው በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው ማክሰኞ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውና እኔ ወንድማቸው ሐዘናቸውን ይዘን ቀርተናል። ኩራታችን ግን ከሐዘናችን አያንስም።

እርሳቸው ስህተታቸውን ለማረም አንድ ቀን በቃቸው። እኔ ግን ለዚያ ምክሬ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይቅርታ ሳልጠይቃቸው፣ ዛሬ ነገ ስል ቀደሙኝ። ስለዚህ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ በታተመ ወረቀት ላይ፣ ምክሬን ሰርዤዋለሁ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በብርሃን ሥፍራ ይቀበልልን። እትዬ፣ ልክ አንቺ ነበርሽ፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።