አሥራ ሦስት ክፍል ኩርፊያ

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ከሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ያዝኩ። ገና እግሬን ሳላስገባ ረዳቱ፣ «ፋዘር፣ ዘንድሮ ትናገራለህ ወይስ ለከርሞ?» ታክሲው በሙሉ ሳቀ።

ትናንት የቴሌቪዥን ድራማችን ክፍል አሥራ አንድ ታየ። ሳታማክረኝ አገባች ብዬ ልጄን ያኮረፍኩ አባት ሆኜ ነው የምሠራው። አሥራ አንድ ክፍል ሙሉ አንዲት ቃል አልተነፈስኩላትም። ትናንት ደግሞ ብርቱካን ላጥኩ። አራት ደቂቃ! ምን ላድርግ? ደራሲው ይልጣል ብሎ ጻፈ፣ ላጥኩ።

ከኋላ አንዲት ሴትዮ፣ «ተዉት፣ የኔም አባት እንዲሁ ነበር» ብላ ዓይኗን ጠረገች። አጠገቧ ያለው ጎረምሳ፣ «እኔ አፍጥኜ ነው የማየው፣ እንዲያም ሆኖ እንቅልፍ ይወስደኛል።» ፊቴ ላይ እኮ ነው! እኔ የለሁም እንዴ?

መጋቢት 14፣ እሑድ

የወንድሜ ልጅ ቢፍቱ ሚያዝያ 26 ልታገባ ነው። የጥሪው ካርድ በባለቤቴ ስም መጣ። «ወይዘሮ ተሾመች ከነቤተሰብዎ።» ቤተሰብ ተብዬው እኔ ነኝ እንግዲህ... በክንዴ ያሳደግኳት ልጅ!

አባቷ ለሊሳ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ጎፋ ነው የሚኖረው፣ እዚህ አፍንጫችን ሥር። ከተነጋገርን አራት ዓመት አለፈ። አባታችን የሞተ ዕለት ቀረጻ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬ ዝግ ነው። ቀብሩ ላይ ለጥቂት ደረስኩ። ድንኳን ገብቼ ሳለቅስ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ተዉት፣ የሱ እንባ ለካሜራ ነው» አለ። ይሄ ይረሳል?

«ሄደህ አናግረው» ትላለች ተሾመች። «የአባቷ ታላቅ እያለ ቢፍቱ የማንን ጉልበት ስማ ትውጣ?»

ታላቁ እኔ ነኝ። የበደለው እሱ ነው። እሱ ይምጣ። አለቀ!

...ግን እውነት የማንን ጉልበት ትስማለች?

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ክፍል አሥራ ሁለት። በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በቃ፣ ይኸው ነው የሠራሁት።

ዳይሬክተራችን ሬድዋን ደውሎ የተመልካቹን አስተያየት አነበበልኝ። አንዷ፣ «ቤታችንን ነው ያሳያችሁን፣ እጃችሁ ይባረክ።» ቀጥሎ ያለው፣ «ሻይ ጥጄ፣ ጠጥቼ፣ ብርጭቆውን አጥቤ ስመለስ ሰውዬው አሁንም በሩ ላይ ነው።» ሬድዋን ይስቃል። እሱ ምናለበት? ታክሲ ውስጥ የሚሰደበው እኔ!

ሳሙና ልገዛ ዘነቡ ሱቅ ገባሁ። አንድም ክፍል አያመልጣትም።

«ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለዎት አቶ ጉርሜሳ? ልጅ እኮ ናት!»

«ዘነቡ፣ ልጄ አይደለችም። የሰው ልጅ ናት። ድራማ ነው!»

«ድራማም ይሁን! እምቢ ካሉ ሽማግሌ ነው የምንልክብዎ።»

ሳሙናውን ረስቼው ወጣሁ። የጤና ነው ግን ይሄ ሰፈር?

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ክፍል አሥራ ሦስት። አልተናገርኩም። ስልኬን አጥፍቼ ቤቴ ዋልኩ።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ዛሬ የሆነውን ልጻፈው።

ጠዋት በር ተንኳኳ። ከመካኒሳ አቦ የመጡት ኦቦ ሮበሌ፣ የአባቴ ጓደኛ። ጎረቤታችን ሐጂ ጀማሉዲን። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ወጋየሁ። ግቡ አልኳቸው፣ ገቡ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ። «ለጉዳያችን እሺታ ሳናገኝ አንቀመጥም።»

የዘነቡ ሥራ! አደረገችው! ደሜ ፈላ።

«አባቶቼ፣ በፈጠራችሁ! እናንተም? ይቅር የምለው እኔ መሰልኳችሁ እንዴ? ደራሲው ነው! እንኳን ይቅርታ፣ ሳል እንኳ ተጽፎ ነው የሚሰጠኝ! እሱን ሂዱና ለምኑት!»

ሦስቱ ተያዩ። ሐጂ ጀማሉዲን፣ «የምን ደራሲ?» አሉ።

ኦቦ ሮበሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ቀረቡ። «ልጄ፣ እኔ ቴሌቪዥን አላይም። የላከን ለሊሳ ነው። በአባታችን ለቅሶ ታላቄን በድያለሁ፣ ይቅር ይበለኝ ብሏል።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወጉን አውቃለሁ። ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ አይሰጠውም። ለሳምንት ተመለሱ ብል ማንም አይፈርድብኝም። ከዚያም ሌላ ሳምንት። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የኦቦ ሮበሌ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኚህ ሰውዬ አባቴን ከእኔ ጋር ነው የቀበሩት።

«እሺ ብያለሁ» አልኩ። «ተቀመጡ።»

ወጉን አፈረስኩት መሰለኝ። አቶ ወጋየሁ እንኳ ደነገጡ።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ትናንት ጎፋ፣ ለሊሳ ቤት። በሩን ራሱ ከፈተ። ሸብቷል። እግሬ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት፣ ተቃቅፈን አለቀስን። ካሜራ አልነበረም።

ከእራት በኋላ ቢፍቱ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። ክፍል አሥራ አራት። ያው... መስኮት ዳር ቆሜ ውጭ ውጭውን አያለሁ። ሲብስብኝ ጊዜ እኔው ራሴ፣ «ኧረ ተናገር አንተ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩ። ቢፍቱ በሳቅ ሞተች።

«አንድም ክፍል አላመለጠኝም» አለ ለሊሳ።

«ምኑን ወደኸው? ተንቀረፈፈ ብሎ አገሩ ሁሉ እየሰደበን!»

«እኔስ ቶሎ ነበር የሚያልቅብኝ» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ። «አንተን ሌላ የት አይሃለሁ?»